«አንቺ እንኳን አለሽ፣ ተመስገን በይ» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

ማክሰኞና_አርብ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:12

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ስሜ እንደሚለው ማክሰኞና አርብ የኩላሊት እጥበት አለኝ። ሐኪሙ ያዘዘው በሳምንት ሦስቴ ነው። ኪሴ የሚችለው ሁለቴ ነው። ይኸው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ማሽኑ ላይ አንዴ ከተያያዝኩ አራት ሰዓት ነው። ግራ ክንዴ ላይ ሁለት ወፋፍራም መርፌ ይገባል፤ አንዱ ደሙን ያወጣል፣ አንዱ ይመልሳል።

ከጎኔ ያለው አልጋ የአንዲት እናት ነበር። እማማ ነበር የምላቸው። እኔ ስጀምር እሳቸው ነባር ነበሩ። እጥበት ላይ ይበርዳል፤ ደም ወጥቶ ዞሮ ሲመለስ አጥንት ድረስ ነው የሚሰማው። እማማ ሁሌ ሁለት ጋቢ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ የራሳቸው፣ አንዱ «ለረሳ ሰው»። የመጀመሪያ ቀን የረሳሁት እኔ ነበርኩ። ሲስተር መርፌውን ስታስገባላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት» ይላሉ። ከፊትም ከኋላም ምንም አይጨምሩም። እሷን ብቻ።

ባለፈው አርብ ስደርስ አልጋቸው ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፏል። ማንም ምንም አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁም። እዚያ ክፍል ውስጥ አልጋው በሰዓቱ ባዶ ከሆነ ሁሉም ያውቃል።

እሁድ አንድ ዘመዴ ሊጠይቀኝ መጣ። ነገርኩት። «ውይ፣ ነፍስ ይማር» አለና ትንፋሽ ሳይወስድ «አንቺ እንኳን አለሽ። ተመስገን በይ» አለኝ።

ደግ ሰው ነው። ሙዝ ገዝቶ ነው የመጣው። (ሙዝ አልበላም፤ ፖታስየሙ ለኔ መርዝ ነው። እሱ በምን ይወቅ።) ቃሉ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እሳቸው ሞተው እኔ ስለተረፍኩ ነው ተመስገን የምለው? ነገ የኔ አልጋ ባዶ ሲሆንስ ጎረቤቴ በኔ ተመስገን ይላል?

አማኝ ነኝ። ማመስገን አልጠላሁም። እንዴት እንደምለው ነው የጠፋኝ። እናንተ እንዴት ነው የምትሉት?

---

ወለተ_ሚካኤል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:40

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። የእናታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን። መልስ የለኝም፤ አንብቤዋለሁ ለማለት ነው የጻፍኩት።

---

አቦል_ቶና
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:58

ዘመድሽን አደራ እንዳትቀየሚው። እኛ ጋ «ተመስገን» የሰላምታ ግማሽ ነው። እንዴት ነህ? ተመስገን። ሥራ እንዴት ነው? ተመስገን። መብራት ስድስት ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ «ተመስገን!» ይላል። ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚለው የጠፋው ሰው አፉ ላይ ያገኘውን ነው የሚያነሳው። ከክፋት አይደለም።

---

መንገደኛ77
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:25

ከክፋት ባይሆንም ያማል።

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር። የደም ካንሰር። ዘጠኝ ወር ተንገላታን። በሠልስቱ ዕለት አንድ ሽማግሌ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡና ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ሰጠ እግዚአብሔር ነሣ በል። ኢዮብን አስብ። ተመስገን በል» አሉኝ። ንፍሮው እጄ ላይ ነበር። ተነሥቼ ወጣሁ። አራት ዓመት ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን የገባሁት ለሌላ ሰው ፍትሐት ብቻ ነው።

ስድብ አይደለም የምጽፈው። አንድ ነገር ግን ልበል። ኢዮብ ያንን ቃል ሲናገር «በል» ያለው ሰው አልነበረም። ከራሱ አፍ ነው የወጣው። ሰው ደረት ላይ ቆሞ «አመስግን» ማለት ሌላ ነገር ነው። ማክሰኞና አርብ፣ ለዘመድሽ ምንም መመለስ የለብሽም።

---

ጸናጽል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:10

ዲያቆን ነኝ። ስብከት እንዳይሆንብኝ እየፈራሁ ነው የምጽፈው።

ወንድሜ መንገደኛ፣ የኢዮቡን ነገር ልክ ብለሃል። እንዲያውም ልጨምርልህ። «ሰጠ፣ ነሣ» ያለው ምዕራፍ 1 ላይ ነው። ምዕራፍ 3 ላይ ይኸው ሰው የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ሰዎች ምዕራፍ 1ን ለለቅሶ ቤት ይዘው ይመጡና 3ን ቤታቸው ይተዉታል። ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተናገሩትም። ያን ጊዜ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው እንጂ በረገመው በኢዮብ አይደለም።

እህቴ፣ የከበደሽ ምስጋናው አይመስለኝም። ማወዳደሩ ነው። «እሷ ሞታለች፣ አንቺ አለሽ» የሚለው ሚዛን። ሉቃስ 18 ላይ እንዲህ ብሎ ያመሰገነ አንድ ሰው አለ፤ «እንደ ሌላ ሰው ሁሉ ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ» ይላል። ፈሪሳዊው ነው። ጌታ ያንን ጸሎት አላመሰገነለትም። ስለዚህ ጉሮሮሽ ላይ መቅረቱ ደግ ነው። ዘመድሽ ፈሪሳዊ ነው ማለቴ አይደለም፣ አደራ!

የእማማ ግን ሌላ ነው። ያቺ ቃል የጸሎተ አኮቴት ናት። አኮቴት ምስጋና ማለት ነው፤ የቅዱስ ባስልዮስ ትባላለች፣ በቅዳሴው መግቢያ ላይ ነው የምትጸለየው። «እስመ ሠወረነ ወረድአነ ዐቀበነ ወአቅረበነ» እያለች ትሄዳለች፤ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና። ከዚያ እሳቸው የሚሏት ላይ ትደርሳለች፤ «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት»፣ እስከዚች ሰዓት አድርሶናልና። ዓመት አትልም። «አድኖናልና» አትልም። ሰዓት ነው የምትቆጥረው። የነገው ገና ልመና ነው፤ ቀጥላ «በዚች ዕለት እንዲጠብቀን እንለምነው» ትላለች።

ደግሞ መጨረሻዋን እዪ። አብጽሐ*ነ*። አደረሰ*ን*። እማማ «አደረሰኝ» አላሉም። መርፌው እየገባባቸው «አደረሰን» ሲሉ ከጎናቸው የተኛሽው አንቺም እዚያች ፊደል ውስጥ ነበርሽ።

---

ማክሰኞና_አርብ
ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6:02

ዲያቆን። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምቻታለሁ። ለራሳቸው የሚሏት ነበር የሚመስለኝ።

ዛሬ ሌላ መጻፍ አልችልም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

---

በእምነት_ኑሪ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:15

እህቴ ይሄን ሁሉ ከምትሰቃዪ እጥበቱን ተዪውና ጠበል ግቢ። ሙሉ እምነት ይዘሽ ሁለት ሱባኤ ጠጪ። የአጎቴ ልጅ ድና መጥታለች። ማሽንም እምነትም አይሆንም፣ አንዱን ምረጪ።

---

ሌሊት_ተረኛ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:50

ለዚህ ብዬ ነው አካውንት ያስታወስኩት። የእጥበት ክፍል ነርስ ነኝ። እባካችሁ ይህን ምክር አትስጡ።

ጠበል አልቃወምም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ኩላሊቱ የቆመ ሰው የጠጣው ውሃ መውጫ የለውም። ሽንት ለማይሸና ሰው በቀን አንድ ሊትር እንኳ ይበዛበታል። ጠበል ቦታ ደግሞ በጆግ ነው የሚጠጣው። ሁለት ሱባኤ ማለት አሥራ አራት ቀን ነው። በሳምንት አምስት ስድስት ኪሎ ውሃ ተሸክመው፣ ሳንባቸው ሞልቶ፣ ጋደም ማለት አቅቷቸው ቁጭ ብለው እያቃተቱ ሲመጡ ተቀብያለሁ። የደረሱልኝን ነው የምነግራችሁ። ያልደረሱትን አላየሁም።

መጠመቅ ሌላ ነው። መቅመስ ሌላ ነው። አባቶችን በግልጽ «ኩላሊቴ ቆሟል፣ ውሃ ተከልክያለሁ» በሏቸው። ብዙዎቹ በእፍኝ አቅምሰው፣ መስቀል ዳብሰው ይሸኟችኋል።

---

አወያይ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:05

«ሕክምና አቁሙ» የሚል ምክር እዚህ አይሰጥም። ጽሑፉን ሳላጠፋው የቀረሁት የነርሷ መልስ ከሥሩ እንዲነበብ ብዬ ነው።

---

ጸናጽል
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:30

«አንዱን ምረጪ» የሚለው የእኛ ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን እግዚአብሔር እንደፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ ይናገራል። በ1999 ዓ.ም. እንጦጦ ጠበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒት እየጣሉ ሲያስቸግሩ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አብረው ይሄዳሉ ብለው ነበር። ይህ ነገር አንዴ ተነግሮ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

---

ጅዳ_ነበርኩ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 9:20

ወደ ጥያቄው ልመልሳችሁ። የኔ ትንሽ ይረዝማል።

ጅዳ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። እናቴ ስኳርና ደም ግፊት ነበረባት። በየወሩ ለመድኃኒቷ ብር እልካለሁ። ስደውል እህቴ «ተኝታለች»፣ «ጎረቤት ሄዳለች»፣ «ጉሮሮዋን አሟት ድምፅ የላትም» ትለኛለች። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። የኛ ሰው መርዶ ደብቆ ማቆየት ያውቅበታል። ሰው አገር ብቻዋን ሆና አትሰማም ብለው ነው።

አንድ አርብ ማዳም ዘመድ ልትጠይቅ ወጥታ ልብስ እየተኮስኩ ነበር። የሰፈር ልጅ ሜሴጅ ላከችልኝ፤ «የእማዬን አርባ ፎቶ አየሁ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ»። ከፎቶው ላይ ድንኳኑን አየሁት። የኛን ግቢ። የማዳም ነጭ ሸሚዝ ላይ ካውያውን ረስቼው የሦስት ማዕዘን ቡናማ ምልክት ወጣበት። ያስቆረጠኝ ደመወዝ ትዝ አይለኝም፤ ሽታው ነው ትዝ የሚለኝ።

ለመድኃኒት ብዬ የላክሁት ብር ተዝካር ወጥቶበታል። ሳላውቅ የእናቴን አርባ ደገስኩ።

አገር ቤት ብሆን ሰው ይከበኛል፣ ደረቴን ይይዙልኛል፣ እጮኻለሁ። እዚያ መጮኽ አይቻልም። ማታ ለልጆቹ ራት ሠራሁ። ተመስገን አላልኩም። የሚለኝም አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስጸልይ «አባታችን ሆይ» ብዬ እጨርሳለሁ እንጂ ምስጋናውን እዘለዋለሁ።

ስመለስ ጎረቤታችን ሴትዮ ቡና ጠርታኝ የመጨረሻዋን ሌሊት ነገረችኝ። እናቴ እግሯን ይቀዘቅዛት ነበር። ሴትዮዋ እስኪነጋ በሁለት እጇ እያሸች አሙቃላታለች። ቀላል ነገር አድርጋ ነው የነገረችኝ፤ ፈንዲሻውን እየቆረጠመች። እዚያች ጋ ነው «ተመስገን» ከአፌ የወጣው። ለሞቷ አይደለም። ለእግሯ።

ካንቺ ታሪክ ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእማማን ለቅሶ ደርሰሻል?

---

የማርታ_እህት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:45

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ።

በእኛ ጋ ደግሞ ምስክርነት የሚባል ነገር አለ። እሁድ ማይክ ይዞ ጌታ ያደረገለትን የሚናገር ሰው ይወጣል። ቪዛ ያገኘ፣ የዳነ፣ የወለደ። ጉባኤው እልል ይላል። ባለቤቴ ስትሮክ መቶት አምስት ዓመቱ ነው። ማይኩ ወደኔ መጥቶ አያውቅም፤ እኔም እጄን አላወጣሁም። ምን ብዬ? «ዛሬም አልተነሣም፣ ዛሬም ገንፎ አጎረስኩት፣ ክብር ለጌታ ይሁን»?

ግን ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወጣለት ሦስት ጊዜ ለመነ። መልሱ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው። መውጊያው ወጣ አይልም። በዛሬ ወግ ቢሆን ጳውሎስም ማይክ አይሰጠውም ነበር።

በእኛ ቤት ስለ መጽናት ሲወራ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት የቄስ ጉዲና ቱምሳ ስም ይነሣል። ሐምሌ 1971 ተወሰዱ፤ አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እኔ ግን ባለቤታቸውን ፀሐይ ቶሎሳን ነው የማስበው። እሳቸውም ታስረው ተገርፈው ወደ አሥር ዓመት እስር ቤት ቆዩ። ያ ሁሉ ዓመት ባሏ ይኑር ይሙት፣ የት ይቀበር የማታውቅ ሴት ጠዋት ስትነሣ ምን ብላ ትጸልያለች? የማጉረስ ዕጣ የደረሰን ሰዎች የምንጠይቀው እንዲህ ያለውን ነው።

ለማንኛውም የኔን ምስክርነት እዚሁ ልስጥ፣ ማይክ ስለሌለ። ባለፈው ሳምንት ማንኪያውን በግራ እጁ ራሱ ያዘ። ገንፎው ግማሹ ፒጃማው ላይ ፈሰሰ። ሁለታችንም ሳቅን።

---

አቦል_ቶና
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:05

እልልልል። ከዚህ ሆኜ።

---

መንገደኛ77
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:50

ጅዳ ነበርኩ፣ የእግሯ ነገር አላስተኛኝም።

ልጄ ያለችበት ክፍል አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ስትወለውል ልጄ አልጋ ሥር ስትደርስ መጥረጊያውን ፈረስ አድርጋ ታስቃት ነበር። በየቀኑ። ስሟን አልጠየቅኋትም። አራት ዓመት ሙሉ ትዝ ብላኝ አታውቅም፤ ዛሬ መጣችብኝ።

ምንም አልደመደምኩም። ተቀይሬያለሁ ብላችሁ እንዳታጨበጭቡልኝ። እንዲሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

---

ጸናጽል
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5:15

አናጨበጭብም ወንድሜ።

---

ማክሰኞና_አርብ
ሐሙስ (በሳምንቱ)፣ ከምሽቱ 2:30

ጠፋሁ። ሁሉንም አንብቤያለሁ፤ አንዳንዱን ሁለት ሦስቴ።

ጅዳ ነበርኩ፣ ጥያቄሽ አንገት አስደፋኝ። ለቅሶ አልደረስኩም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ክንድ ለክንድ ተኝተን ቤታቸውን አላውቀውም። ክፍሉ ውስጥ ስጠይቅ አድራሻ አይሰጥም አሉኝ፤ ልክ ናቸው። ከዚያ የባጃጁ ልጅ ትዝ አለኝ። ሁሌ እሱ ነበር የሚያመጣቸው። በር ላይ ጠበቅሁት። «እማማን? ኧረ ነይ» ብሎ ቅዳሜ ወሰደኝ፣ ሒሳብ አልቀበልም አለ።

ድንኳኑ ፈርሷል። የእድሩ ወንበር ግድግዳ ተደግፎ ተደርድሮ መጫኛ መኪና ይጠብቃል። ልጃቸው የኔ እኩያ ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት «አንቺ ነሽ የግራዋ?» አለችኝ። እቤት ስለኔ ሲያወሩ «የግራዋ ልጅ» ነበር የሚሉኝ ለካ። ጋቢያቸው እኔ ጋ ቀርቶ ነበር፤ ያን ማክሰኞ አጥቤ ልመልስ ብዬ ወስጄው። አውጥቼ ሰጠኋት። አሸተተችው። በሳሙና አጥቤዋለሁ፣ የሳቸው ሽታ የለውም። እዚያ ላይ ነው አብረን ያለቀስነው።

ከዚያ እኔ ስለ እማማ ጽናት ማውራት ጀመርኩ። ቃላቸውን፣ ዓይናቸውን መጨፈናቸውን። ልጅቷ እያየችኝ ቆየችና «ሰኞ ሰኞ ማታ ምን እንደሚሆኑ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም። «ያለቅሱ ነበር። ‹ነገ አልሄድም፣ በቃኝ፣ ተዉኝ ልሙት› እያሉ። ሐሙስ ማታም እንዲሁ። አንዳንዴ እኔንም ይሰድቡኝ ነበር። ሲነጋ ይነሡና ጋቢያቸውን ያጣጥፋሉ።»

ይህን ስሰማ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቀለለኝ። እኔ ብቻ ነበርኩ ሐሙስ ማታ የማለቅስ የሚመስለኝ።

ማክሰኞ ሄጄ ተኛሁ። ሲስተር መርፌውን ስታስገባ ቃሏን አልኳት፣ በለሆሳስ። አብጽሐነ። «ነ» ላይ ስደርስ ቀኝ ቀኙን ሳላየው አልቀረሁም። አልጋው ላይ አንድ ወጣት ገብቷል። ገና አላወራንም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚተኛው። 2.8 ኪሎ ውሃ አወረዱልኝ፣ የደም ግፊቴም ሳይወድቅብኝ ጨረስኩ።

ለዘመዴ ምንም አልመለስኩለትም። ትናንት ደውሎ «ሙዙን በላሽው?» አለኝ። የጎረቤት ልጆች በሉት፤ እኔ ግን «ጣፋጭ ነበር» አልኩት። ዲያቆን፣ ይቺ ትቆጠራለች?

ሐሙስ ነው ዛሬ። ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ብሎኛል። ነገ በ12 ሰዓት ባጃጁ ይመጣል፣ አሁን ደንበኛዬ ሆኗል። ጋቢዎቹን አጣጥፌ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ።

---

ጸናጽል
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:41

አትቆጠርም። ደህና እደሪ።